አገር ለሌለው ሰው ወረቀት ያወጣው ፍሪድቾፍ ናንሰን

ዘንድሮ ለመጽሔታችን የማቀርበው የአንድ የኖርዌይ ሰው ታሪክ ነው። ስሙ ፍሪድቾፍ ናንሰን ይባላል። ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዓለም መጀመሪያ ያወቀው በወጣትነቱ በበረዶ ላይ ባደረገው ጉዞ ነው፤ እኔ ግን አስፍቼ ልጽፍ የፈለግሁት ሸምግሎ፣ ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለ ሠራው ሥራ ነው። ጦርነት እንዴት እንደ ተነሣና ማን እንዳሸነፈ የሚተርክ መቼም ሞልቷል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሰዉ እንዴት ወደ ቤቱ እንደ ገባ የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። ዓመታቱን የጻፍኋቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለ ሆነ አንባቢ እንዳይደናገር ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ናንሰን የተወለደው በጥቅምት ወር 1861 ነው። የተወለደበት ቦታ ያን ጊዜ ክርስቲያንያ ትባል በነበረችው፣ ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ አጠገብ ነው። አባቱ የሕግ ሰው ነበሩ። እናቱ ደግሞ በዚያ ዘመን ለሴት ነውር ነው ሲባል በበረዶ ላይ መንሸራተት የሚወዱ ብርቱ ሴት ነበሩ ይባላል። ልጁም በእናቱ ወጣ። እግሩ ከጠና ጀምሮ ስኪ የሚባለውን ረዥም የእንጨት መንሸራተቻ አጥልቆ ጫካ ለጫካ ሲዞር አደገ። በዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ተማረ፤ በርገን በምትባል ከተማ በሙዚየም ተቀጠረ፤ በ1888 ስለ ነርቭ ባደረገው ምርምር የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ።

በዚያው ዓመት ግሪንላንድ የምትባለውን በበረዶ የተሸፈነች ትልቅ ደሴት ከ5 ጓደኞቹ ጋር በስኪ አቋረጣት። እዚህ ላይ የሰውየው ጠባይ ይታያል። ከእርሱ በፊት የሞከሩት ሰው ከሚኖርበት ከምዕራቡ ዳርቻ ነበር የሚነሡት፤ ሲከብዳቸው ተመልሰው ይገባሉ። እርሱ ግን ሰው በማይገኝበት በምሥራቁ በኩል ወረደና ጀመረ። እንግዲህ ወደ ኋላ ቢመለስ የሚጠብቀው የለም፤ ያለው አማራጭ ወደፊት መሄድ ብቻ ነው። ደፋር ነው ወይስ እብድ ነው ብለው የተከራከሩ ብዙ ነበሩ። ስድስቱም በደኅና ተሻገሩ።

ከዚያ ወዲያ ወደ ሰሜን ዋልታ ተነሣ። ፍራም የምትባል መርከብ አሠራ፤ ትርጓሜውም ወደፊት ማለት ነው። ሆዷ ክብ ስለ ሆነ በረዶው ሲጨብጣት አይሰብራትም፣ ወደ ላይ ያነሣታል እንጂ። በ1893 በ13 ሰው ተጓዘ፤ መርከቧን ሆን ብሎ በበረዶ ውስጥ አስያዛትና ከበረዶው ጋር እንድትንሳፈፍ ተዋት። በ1895 ያልማር ዮሐንሰን የሚባለውን ጓደኛውን ይዞ በውሻ በሚጎተት ጋሪ ወደ ዋልታው ገሠገሠ። ዋልታው ላይ ባይደርሱም ከዚያ በፊት ማንም ሰው ካልረገጠው ቦታ ደረሱ። ሲመለሱ ክረምት ያዛቸውና በድንጋይ ጎጆ ውስጥ ሁለቱ ብቻ የድብና የባሕር አውሬ ሥጋ እየበሉ ወራት ቆዩ። በ1896 አገራቸው ሲገቡ መርከቧም በዚያው ሰሞን በደኅና ገባች። ከ13ቱ አንድም ሰው አልሞተም። በሕዝቡ ዘንድ የነበረው ክብር ከዚያ ወዲህ እንደ ንጉሥ ነበር ማለት ይቻላል። በ1905 ኖርዌይ ከስዊድን ጋር የነበራትን አንድነት አፍርሳ ራስዋን ስትችል ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ከ1906 እስከ 1908 ደግሞ በሎንዶን የአገሩ መልእክተኛ ሆኖ ሠራ። በዚያው መካከል፣ በ1907 መጨረሻ፣ ኤቫ የምትባለው ባለቤቱ አገር ቤት ታማ ሞተች። ለመድረስ ቢቸኩልም አልደረሰባትም።

አሁን ወደ ጦርነቱ እንግባ።

በሰኔ 28 ቀን 1914 ሳራዬቮ በምትባል ከተማ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የሚባል የ19 ዓመት ወጣት የአውስትሪያን አልጋ ወራሽ ከነባለቤታቸው ተኩሶ ገደለ። ብዙ ሰው ጦርነቱ የመጣው በዚህ ጥይት ይመስለዋል። ጥይቱ ክብሪት ነው እንጂ እንጨቱና ጋዙ ቀድሞ ተከምሯል። ታላላቆቹ መንግሥታት በቅኝ ግዛትና በንግድ ይቀናኑ ነበር፤ ጀርመንና እንግሊዝ በጦር መርከብ ብዛት ይፎካከሩ ነበር፤ ፈረንሳይ በ1871 የተወሰደባትን መሬት አልረሳችም፤ በባልካን በኩልም አውስትሪያና ሩሲያ ተፋጠው ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አንዱ ሲነካ ሌላው ሊደርስለት በውል ተሳስረዋል። የእኛ የዕድር ውል ሰው ሲሞት ተጠራርቶ ለመቅበር ነው፤ የእነርሱ ውል ግን ተጠራርቶ ለመጋደል ሆነ። አውስትሪያ በሰርቢያ ላይ በሐምሌ 28 ጦርነት አወጀች። ሩሲያ ለሰርቢያ ስትሰናዳ ጀርመን በሩሲያና በፈረንሳይ ላይ ተነሣች፤ የጀርመን ጦር ቤልጅግን ጥሶ ሲገባ እንግሊዝ በነሐሴ 4 ገባችበት። ከሳምንት ባልበለጠ ጊዜ አውሮፓ ነደደ።

ጦርነቱ እስከ ኅዳር 11 ቀን 1918 ቆየ። ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር አለቀ። የጀርመን፣ የአውስትሪያ፣ የሩሲያና የቱርክ ነገሥታት አልጋቸውን አጡ። ኖርዌይ ገለልተኛ ብትሆንም የንግድ መርከቦቿ በባሕር ውስጥ እየተመቱ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ መርከበኞች ሞተውባታል። እህልም ቸግሯት ስለ ነበር ናንሰን በ1917 ወደ አሜሪካ ተልኮ ስለ ስንዴ ሲከራከር ከረመ። መንግሥቱ ሲያመነታ ጊዜ በ1918 በራሱ ኃላፊነት ፈረመና ለአገሩ እህል አስገኘ። ሳይንቲስቱ ሰው የእህልና የመርከብ ሒሳብ የተማረው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ሰላም ተፈረመ ተብሎ በየከተማው ደወል ሲደወል ያልተደወለላቸው ሰዎች ነበሩ። እነርሱም ምርኮኞች ናቸው። በሩሲያ እጅ የወደቀው የአውስትሪያና የሃንጋሪ ወታደር ብቻ ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ከፊሉ ሞተ፣ ከፊሉ በየመንገዱ ሾልኮ ገባ። በ1920 ግን መቶ ሺዎቹ ገና በሳይቤሪያና በሌላውም ስፍራ ቀርተው ነበር። በ1914 እና በ1915 የተማረከው ሰው እንግዲህ 5 እና 6 ዓመት ሙሉ በብርድ አገር መቀመጡ ነው። የተላከበት መንግሥት ፈርሷል፤ ንጉሡ ተሰድደዋል፤ የማረከውም መንግሥት በአብዮት ተገልብጧል። ታዲያ ማን ይጠይቅለት? በሞተም ጊዜ ቤተ ሰቡ አያውቅም፤ መቃብሩን የሚያሳይ የለም። ዕድር ላይ ያለን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳንነገር እናውቀዋለን።

አዲስ የተቋቋመው የመንግሥታት ማኅበር በ1920 ምርኮኞቹን የማስመለሱን ሥራ ለናንሰን ሰጠው። ዕድሜው 58 ነበር። ወደ ምርምሩ ለመመለስ ይፈልግ ስለ ነበር መጀመሪያ እሺ አላለም ነበር። ከገባበት በኋላ ያገኘው ችግር ይህ ነው፤ የሶቪየት መንግሥት የመንግሥታቱን ማኅበር አላውቀውም ይላል፤ የማኅበሩ ትላልቅ አባሎችም የሶቪየትን መንግሥት አናውቀውም ይላሉ። በዚህ መካከል ምርኮኛው ይበርደዋል። ናንሰን ሞስኮ ሄደና ነገሩን በራሱ ስም ተዋዋለ። ማኅበሩን ባያምኑት ሰውየውን አመኑት። ገንዘቡን ከመንግሥታት በብድር፣ መርከቡን ደግሞ ጀርመን ለአሸናፊዎቹ ካስረከበችው አገኘ። ዋናው መንገድ በባልቲክ ባሕር፣ በኤስቶንያ ከምትገኘው ከናርቫ ተነሥቶ ወደ ጀርመን ወደብ ነበር። መርከቡም ባዶውን አይመለስም፤ ከሩሲያ በኩል ጀርመኑንና ሃንጋሪውን ያመጣል፣ ከጀርመን በኩል ደግሞ የሩሲያውን ምርኮኛ ይወስዳል። ሌሎቹ በጥቁር ባሕርና በሩቅ ምሥራቅ በቭላዲቮስቶክ ወደብ በኩል ተጓዙ። በ1922 ለማኅበሩ ባቀረበው ሪፖርት ከ427 ሺህ በላይ ሰው ወደ ቤቱ እንዳስገባ ቆጥሮ አስረከበ።

ይህ ሳያልቅ የቮልጋ ረኃብ መጣ። ድርቁ፣ የእርስ በርሱ ጦርነትና መንግሥት ከገበሬው በግድ ይሰበስብ የነበረው እህል ተደራርቦ በ1921 እና በ1922 ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። ረኃብን እኛ በስማ በለው የምናውቀው አይደለንምና ነገሩን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ናንሰን በመስከረም 1921 ጄኔቭ ላይ ቆሞ 5 ሚሊዮን የእንግሊዝ ፓውንድ ለመናቸው። የአንድ የጦር መርከብ ግማሽ ዋጋ ነው አላቸው፤ በአሜሪካ በቆሎ ገዢ አጥቶ እንደሚበሰብስ፣ በአርጀንቲና ለባቡር ማገዶ እንደሚደረግም አስረዳቸው። አልሰጡትም። እህሉ ኮሙኒስቶቹን ያጠነክራል ብለው ፈሩ። እርሱንም ራሱን በጋዜጣ የቦልሼቪክ ወዳጅ ብለው ሰደቡት። መንግሥታቱ እምቢ ሲሉት ረኃብተኞቹ ባሉበት አገር ዞረና ፎቶግራፍ አነሣ፤ ፎቶውን ይዞ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ከተራው ሰው መዋጮ ሰበሰበ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን የተራበ ያበላው ኸርበርት ሁቨር ይመሩት የነበረው የአሜሪካ ድርጅት ነው፤ እርዳታው በበረታበት ጊዜ በቀን ወደ 10 ሚሊዮን ሰው ያበላ ነበር። የናንሰን መዋጮ ያነሰ ነው። ቢሆንም ሳንቲሙ ከየሰው ኪስ የወጣ ስለ ሆነ እኔ በዓይኔ አላሳንሰውም። በ1922 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጠው ገንዘቡን ለዚሁ ለእርዳታ ሥራ አዋለው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ነገር እመጣለሁ። እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ያሳለፍሁ ጸሐፊ ነኝና በዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አይፈረድብኝም።

ከሩሲያ አብዮት የሸሸው ሰው ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። በቁስጥንጥንያ፣ በበርሊን፣ በፓሪስ፣ እስከ ቻይና ድረስ ተበትኗል። በ1921 መጨረሻ የሶቪየት መንግሥት እነዚህን ስደተኞች ከዜግነት የሚሰርዝ ዐዋጅ አወጣ። የቀድሞው ፓስፖርታቸው የፈረሰ መንግሥት ወረቀት ሆነ። ወረቀት የሌለው ሰው ጠረጴዛ ፊት ሲቆም ምን እንደሚመስል እኔ አይቼዋለሁ። ስሙን ይናገራል፤ ማን ይመስክርልህ ይባላል። የተወለደበትን ይናገራል፤ ማስረጃ አምጣ ይባላል። ሰውየው ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ በመዝገብ ስለሌለ እንደሌለ ይቆጠራል። ከጦርነቱ በፊት በአውሮፓ ብዙው ሰው ያለ ፓስፖርት ይጓዝ ነበር፤ ጦርነቱ ግን በየድንበሩ ዘበኛና ማኅተም አቆመ። ያለ ወረቀት ሥራ አይገኝም፤ ድንበር አይታለፍም፤ አገር ለቀህ ውጣ ቢባል እንኳ የሚገባበት የለም።

ናንሰን በ1921 የስደተኞች ኮሚሽነር ተብሎ ተሾሞ ነበርና በሐምሌ 1922 መንግሥታቱን ጄኔቭ ሰብስቦ አንድ የመታወቂያ ወረቀት እንዲወጣ አስማማ። ወረቀቱ የናንሰን ፓስፖርት ተባለ። የሚሰጠው ስደተኛው ያረፈበት አገር መንግሥት ነው፤ የሚያገለግለው ለ1 ዓመት ሆኖ ይታደሳል። ለያዘው ሰው ዜግነት አይሰጠውም። ግን ስሙን፣ የተወለደበትን፣ መልኩን በማኅተም ያረጋግጥለታል። ሲጀመር ጉድለት ነበረበት፤ ይዞት የወጣ ሰው ወደ ሰጠው አገር የመመለስ መብት አልነበረውምና ሌላው አገር ተመልሶ ባይወጣስ እያለ ያስገባው ዘንድ ይፈራ ነበር። ይህ በ1926 በተደረገው ስምምነት ተሻሻለ። ያን ጊዜም አቅም ያለው ስደተኛ በዓመት 5 የወርቅ ፍራንክ ከፍሎ ቴምብር እንዲለጥፍ ተደረገ፤ ድኃው በነፃ ያገኛል። ከቴምብሩ የሚገኘውም ገንዘብ ለተቸገሩት ስደተኞች ይውላል። የእኛን ወርኃዊ መዋጮ የሚመስል አሠራር ነው። ቀስ በቀስ ከ50 የሚበልጡ መንግሥታት ወረቀቱን ተቀበሉት፤ በጠቅላላው ወደ 450 ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች እንደ ተሰጠ ይገመታል። ሠዓሊው ማርክ ሻጋል፣ የሙዚቃ ደራሲዎቹ ስትራቪንስኪና ራህማኒኖፍ በዚህ ወረቀት ከተጓዙት ውስጥ ናቸው። ስሙ ያልታወቀው ሾፌርና ልብስ ሰፊ ግን ከእነርሱ ይበልጥ ይበዛል።

ሁሉ ሥራው መልካም ነበር ብዬ ልደልል አልፈልግም። በ1922 የግሪክ ጦር በአናቶልያ ተሸንፎ፣ በዮሐንስ ራእይ ሰምርኔስ የምትባለው ከተማ በእሳት ስትጋይ፣ የሸሸው ሕዝብ ግሪክን አጥለቀለቃት። ናንሰን ቁስጥንጥንያ ሄዶ ሁለቱን መንግሥታት ሲያደራድር የሕዝብ መለዋወጥ ሐሳብ አቀረበ። በጥር 30 ቀን 1923 በሎዛን ውል ተፈረመ። ከቱርክ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ያህል ኦርቶዶክስ ክርስቲያን፣ ከግሪክ ከ350 ሺህ በላይ እስላም፣ አባት አያቱ ከኖሩበት ተነቅሎ ተለዋወጠ። ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ከውሉ በፊት የሸሹ ነበሩ፤ የቀረው ግን ፈቃዱ ሳይጠየቅ ነው የተጫነው። መለያው ሃይማኖት ስለ ነበር ከቱርክኛ በቀር የማያውቅ ክርስቲያን ወደ ግሪክ፣ ግሪክኛ ብቻ የሚናገር እስላም ወደ ቱርክ ሄደ። ናንሰን ይህን ያደረገው ከሚታረዱ ይለያዩ ብሎ ነው። ቢሆንም የአባቱን መቃብር ጥሎ ሂድ የተባለውን ሰው ሳስበው ውሉን ላመሰግነው አይቻለኝም። በኋላ ዘመን ሌሎችም መንግሥታት ሕዝብን ከቦታው ለማንሣት ይህንኑ ምሳሌ ጠቅሰዋል።

ከዚህ በኋላ ልቡ ያዘነበለው ወደ አርመኖች ነው። ከ1915 ጀምሮ በቱርክ መንግሥት ተፈጅተው የተረፉት በሶርያ በረሃና በየወደቡ ተበትነው ነበር። ፓስፖርቱ በ1924 ለእነርሱም እንዲሰጥ አደረገ። በ1925 በሶቪየት አርመንያ ተዘዋውሮ ደረቁን መሬት በመስኖ አልምቶ ስደተኞቹን ለማስፈር ዕቅድ አወጣ፤ የቦዩን ወጪ ሳይቀር አስጠንቶ ነበር። መንግሥታቱ ግን ብድሩን ከለከሉት። ለአርመኖች የተገባው ተስፋ ሁሉ በጦርነቱ ጊዜ የተነገረ፣ በሰላሙ ጊዜ የተረሳ ነው።

የአርመኖቹ ነገር እኛም አገር ደርሷል። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ከዚያ ዕልቂት የተረፉ የሙት ልጆች በአርመን ገዳም ሲጫወቱ ሰምተው 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። አርባ ልጆች የሚባሉት የነሐስ ሙዚቀኞች እነዚያ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1926 የደረሰው ዜማ ነው እስከ አብዮቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙራችን የነበረው። ይህን ያደረገው ናንሰን አይደለም፤ ነገር ግን እርሱ ጄኔቭ ላይ ደጅ ይጠናላቸው ከነበሩት ሰዎች የ40ዎቹን ዕንባ ያበሰው የእኛ ከተማ ነው።

በማኅበሩ ጉባኤ ናንሰን አገሩን ወክሎ ይቀመጥ ነበር። በነሐሴ 1923 የሙሶሊኒ መርከቦች የግሪክን ደሴት ኮርፉን ደበደቡና ያዙ። ማኅበሩ ነገሩን ይመልከት ብለው ከተከራከሩት የትንንሽ አገሮች ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። ታላላቆቹ ግን ጉዳዩን ከማኅበሩ አውጥተው በጓዳ ጨረሱት፤ ግሪክ ተደብድባ ካሣ ከፈለች። ጣልያን ደሴቱን በለቀቀች በማግሥቱ፣ በመስከረም 28 ቀን 1923፣ ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ሆነች። ሙሶሊኒ ከኮርፉ የተማረውን በ12 ዓመቱ በእኛ ላይ ሠራበት። ያን ጊዜ ናንሰን በሕይወት አልነበረም። የእኛም ሰው በተራው ኢየሩሳሌም፣ ጅቡቲና ኬንያ ድረስ ተሰደደ።

ናንሰን የሞተው በግንቦት 13 ቀን 1930 ሉሳከር በሚባለው ሰፈር፣ ፖልሄግዳ በሚባለው ቤቱ በረንዳ ላይ ሳለ ነው፤ 68 ዓመቱ ነበር። ልቡ ታሞ ከርሞ ነበር። ቀብሩ በመንግሥት ወጪ የተደረገው በግንቦት 17፣ በአገሩ የሕገ መንግሥት በዓል ቀን ነው። ቢሮው በስሙ ሥራውን ቀጠለና በ1938 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1951 የወጣው የስደተኞች ውል በናንሰን ጊዜ ስምምነቶች ስደተኛ የተባለውን ሰው ስደተኛ ነው ብሎ በመጀመሪያው አንቀጽ አጸናለት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1969 የራሱን የስደተኞች ውል የተፈራረመው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ሬሳው እንደ እኛ ልማድ በአፈር አልተቀበረም። ያለ ቄስ ተሸኝቶ በእሳት ተቃጠለና ዐመዱ በቤቱ ግቢ ከአንድ ዛፍ ሥር ተደረገ። ቤቱ ዛሬ የእርሱን ስም የያዘ የምርምር ተቋም ነው።